አንዴ ሠርቶ ማኖር

ቡና ሲፈላ የሚቆላውና የሚወቀጠው አንዴ ነው። አቦል፣ ቶናና በረካ የሚቀዱት ግን ከዚያው ጀበና ነው። በስታትስቲክስ ፕሮግራምም እንደዚሁ አድካሚውን ስሌት አንዴ ሠርቶ ውጤቱን ማኖር ይቻላል። ባለሙያዎቹ «ካሽ ማድረግ» ይሉታል።

ምሳሌ እንውሰድ። አጋሮ ገበያ አንዱ ነጋዴ 2 ኪሎ ጀንፈልና 1 ኪሎ የተፈለፈለ ቡና፣ ሌላው ከሁለቱም አንዳንድ ኪሎ ገዙ እንበል። አንደኛው 500፣ ሁለተኛው 350 ብር ከፈሉ። የኪሎዎቹ ማትሪክስ በላይኛው ረድፍ 2 እና 1፣ በታችኛው 1 እና 1 ነው። ኢንቨርሱ ደግሞ ከላይ 1 እና −1፣ ከታች −1 እና 2 ይሆናል። ክፍያውን በዚህ ብናባዛ ጀንፈሉ በኪሎ 150፣ የተፈለፈለው 200 ብር ይወጣል። በሚቀጥለው ሳምንት ኪሎው ሳይለወጥ ክፍያው 540 እና 375 ቢሆንስ? ኢንቨርሱን እንደገና መፈለግ ለምን? በተቀመጠው ስናባዛ 165 እና 210 እናገኛለን።

መልኮ በሚገኘው የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል ዓይነት የቡና ሙከራም ነገሩ ያው ነው። የተተከለው ሳይለወጥ ምርቱ በየዓመቱ ይለያያል፤ ከአተካከሉ የሚወጣው ማትሪክስ ግን አንድ ነው።

ለትንሽ ማትሪክስ ይህ ሁሉ አያስፈልግም። ዳሩ ግን ጎኑ እጥፍ ሲሆን የኢንቨርሱ ሥራ 8 እጥፍ ግድም ያድጋል፤ የማኖሪያው ቦታ 4 እጥፍ ብቻ። 1000 በ1000 የሆነው 8 ሚሊዮን ባይት ይይዛል።

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ሮስ ኢሃካና ሮበርት ጀንትልማን በኒውዚላንድ ኦክላንድ ዩኒቨርሲቲ ባዘጋጁት «አር» በተባለው ቋንቋ ሥራው ቀላል ነው። በአር ፋንክሽን የተፈጠረበትን አካባቢ አይረሳም። ስለዚህ ማትሪክሱንና ኢንቨርሱን አብሮ እንዲይዝ እናደርገዋለን። ስንጠይቀው የተቀመጠ ካለ ያንኑ ይሰጣል፤ ከሌለ «ሶልቭ» በሚባለው ትእዛዝ አስልቶ ይሰጣል፣ ያስቀምጣልም።

ታዲያ አንድ ጥንቃቄ አለ። ማትሪክሱ ሲለወጥ የተቀመጠው መደምሰስ አለበት። አንደኛው ነጋዴ ጀንፈሉን 3 ኪሎ አድርጎ 705 ብር ቢከፍል፣ ሁለተኛው በ375 ቢቆይ፣ አሮጌው ኢንቨርስ ጀንፈሉን 330፣ የተፈለፈለውን 45 ብር ይለዋል። እውነቱ ግን አሁንም 165 እና 210 ነው። ኮምፒዩተሩ ተሳስቻለሁ ብሎ አይጮህም፤ ቁጥሩን ያመነ ገበሬ ግን የተፈለፈለ ቡናውን በከንቱ ይሰጣል። ስለሆነም ማትሪክሱን የሚቀይረው ትእዛዝ ራሱ አሮጌውን ውጤት ባዶ ያድርገው። ነገ ክፍል ገብተን ስናስተምርም ከማኖሩ ጋር መደምሰሱን አብረን እናስተምር።