እጁን ጭቃ የማይነካው ቀራፂ

ቀራፂ ሲባል በብዙዎቻችን ሐሳብ የሚመጣው መዶሻና መሮ የያዘ፣ ልብሱ በድንጋይ ብናኝ የነጣ ሰው ነው። በደሴ ከተማ የማውቀው አንድ ወጣት ግን እጁ ንጹሕ ነው፤ በቤቱም ውስጥ ድንጋይ ወይም ጭቃ አይገኝም። ያለው ሌላ ሰው ሲገለገልበት የቆየ ላፕቶፕና ጠፍጣፋ ሰሌዳ የሚመስል የሥዕል ታብሌት ብቻ ነው። ቀን ቀን ኮምቦልቻ ወርዶ በአንድ መሥሪያ ቤት ሒሳብ ክፍል ይሠራል። ማታ ማታ ደግሞ ደሴ ተመልሶ በኮምፒዩተር ሐውልት ይቀርፃል፤ የቀረፀውን ቀለም ይቀባዋል፤ የቀባውንም እንደ ሕያው ሰው ሊያንቀሳቅሰው ይታገላል። አስተማሪ የለውም። ስሙን እንዳልጽፍ ስለ ለመነኝ ቃሌን እጠብቃለሁ።

ነገሩ እንዴት ያለ ነው ብሎ ለሚጠይቅ አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። ሥራው ሲጀመር በመስኮቱ ላይ የሚታየው አንድ ድቡልቡል ነገር ነው፤ የተድበለበለ ሊጥ ይመስላል። የታብሌቱ ብዕር ሲነካው ይሰረጉዳል፣ ይሳባል፣ ያብጣል፣ ይለሰልሳል። ብዕሩን ጠበቅ አድርገው ሲጫኑት ጥልቅ ምልክት፣ ላላ ሲያደርጉት ስስ ምልክት ይተዋል። በቀኝ በኩል የተሠራ ጉንጭ በግራም በኩል ራሱን በራሱ እንዲሠራ ማዘዝ ይቻላል። (ይህ ለጀማሪ ምቹ ቢሆንም ወጥመድ ነው፤ የማናችንም ሁለት ጉንጭ እኩል አይደለምና።) ቅርጹ ሲያልቅ የቆዳው፣ የጥርሱና የነጠላው ቀለም ይቀባል። በመጨረሻም በውስጡ የማይታይ አጥንት ይገባበታል፤ አጥንቱ ሲታጠፍ ሥጋው አብሮ ይታጠፋል። ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ አኒሜሽን ይባላል።

የሚሠራበት ፕሮግራም ብሌንደር ይባላል፤ የሚገኘውም በነፃ ነው። ነፃ የወጣበት ታሪክ ራሱ ሊነገር የሚገባው ነው። ቶን ሮዘንዳል የሚባል ሆላንዳዊ የጀመረው ይህ ፕሮግራም እ.አ.አ. በ2002 የያዘው ኩባንያ ስለ ተዘጋ አብሮ ሊቀበር ደርሶ ነበር። ሮዘንዳል ከባለ ገንዘቦቹ ጋር ተነጋግሮ 100 ሺህ ዩሮ ከተከፈላቸው ፕሮግራሙን ለሕዝብ እንዲለቁት ተስማማ። ገንዘቡም በየአገሩ ከተበተኑት ወዳጆቹ በሰባት ሳምንት ውስጥ ተዋጣ። እኛ ለቀብር ዕድር እንደምናዋጣ እነዚያ ሰዎች እንዳይቀበር አዋጡ ማለት ነው። ለሥዕል የሚያገለግለው ክሪታ የሚባለውም እንደዚሁ በነፃ ይገኛል። እንግዲህ ዛሬ አንድ የደሴ ልጅ ትልልቅ ፊልም ሠሪዎች የሚይዙትን መሣሪያ ለመያዝ የሚያስፈልገው ኮምፒዩተርና ፕሮግራሙን የሚያወርድበት የኢንተርኔት ገንዘብ ነው። መብራት ሲጠፋ የሚመጣው ጉዳት ግን የራሱ ነው። ብሌንደር ሠሪው ሌላ ትእዛዝ ካልሰጠው በየሁለት ደቂቃው ሥራውን በመጠባበቂያ ያስቀምጣል፤ ወዳጄ ይህን ያወቀው የአንድ ሌሊት አፍንጫና ከንፈር ከጠፋበት በኋላ ነው።

መሣሪያው ከተገኘ ችግሩ አለቀ ብሎ የሚያስብ ሰው ግን ተሳስቷል። ወዳጄ መጀመሪያ የቀረፀው የጎረቤቱን የአንዲት አሮጊት እናት ፊት ነበር። ፊት ለፊት ሲታይ ቁርጥ እርሳቸው ናቸው፤ የግንባራቸው መስመር ሳይቀር አለ። ጠርቶ አሳያቸው፤ ደስ አላቸው። ምስሉን ሲያዞረው ግን፦

«እንዴ! ከፊቴ በኩል እኔ ነኝ፤ ከኋላዬ ያለችው ማን ናት?» አሉት።

«እርስዎ ነዎት እንጂ፣ እትዬ።»

«አይ ልጄ፣ አብሽር፤ ጆሮዬንም ማጅራቴንም ሳታየው ኖረሃል ማለት ነው።»

ይህ የአሮጊቲቱ ንግግር ብዙ አሳሰበኝ። ከደሴ በስተ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በአባ ኢየሱስ ሞዐ ዘመን በ1273 ዓ.ም. ገደማ የተጻፈ፣ በሥዕል ያጌጠ ወንጌል አለ። ከዚያ ዘመን ጀምሮ የአገራችን ሠዓሊ ፊትን አሳምሮ ያውቃል። ነገር ግን በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ልማድ ቅዱሳንና ደጋግ ሰዎች በሙሉ ፊት በሁለት ዐይናቸው ይሣላሉ፤ በጎን በአንድ ዐይን የሚታየው ብዙውን ጊዜ ሰይጣን፣ ይሁዳ ወይም ከሓዲ ነው። ስለዚህ የደግ ሰውን የጎን ፊት ከአያቶቻችን ሥዕል መማር አስቸጋሪ ነው። በላሊበላ በቤተ ጎልጎታ ውስጥ ከግድግዳው ዐለት ላይ ተጠርበው የቆሙት ቅዱሳንም ቢሆኑ ጀርባቸው ከዐለቱ አልተላቀቀም። ዙሪያው የሚታይ ጥንታዊ ቅርጽ በአካባቢው ከነጭራሹ የለም ለማለት አይደለም፤ ከኮምቦልቻ ብዙም ሳይርቅ ጌታ በሚባለው ሥፍራ ከድንጋይ የተጠረበ አንበሳ አለ። ይሁን እንጂ አንበሳ ማጅራቱን ያሳያል፤ የሰው ማጅራት ግን እስከ ዛሬ ባለዕዳችን ነው። ወዳጄ ከዚያ ቀን ወዲህ በሚኒባስ ሲሳፈር የኋላ ወንበር እየመረጠ ከፊቱ የተቀመጡትን ሰዎች አንገትና ጆሮ በስልኩ ላይ ይሥላል።

ሚኒባሱ ሌላም ነገር አስተምሮታል። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው፤ በመካከላቸው ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን በሐረጎ ላይ ይጠማዘዛል። መኪናው ወደ ግራ ሲታጠፍ የተሳፋሪው ወገብ ቀድሞ ይሄዳል፤ ትከሻው ይከተላል፤ ያንቀላፋው ሰው ራስ ከሁሉ ኋላ ይደርሳል፤ ነጠላ የለበሰች እንደ ሆነ ደግሞ የነጠላው ጫፍ ከራሷም በኋላ ይመጣል። ፍራንክ ቶማስና ኦሊ ጆንስተን የተባሉ የዋልት ዲስኒ ሠራተኞች እ.አ.አ. በ1981 ባሳተሙት መጽሐፍ አሥራ ሁለት የአኒሜሽን ደንቦችን ዘርዝረዋል። ከእነዚያ አንዱ ይኸው ነው፤ ሰውነት ሁሉ በአንድ ጊዜ ተነሥቶ በአንድ ጊዜ አይቆምም። ይህን ደንብ በመጽሐፍ የሚያነቡት ብዙዎች ናቸው፤ በየቀኑ ጧትና ማታ በሐረጎ ላይ የሚያዩት ግን እኛው ነን።

በኢንተርኔት ላይ ተዘጋጅቶ የተቀመጠ እንቅስቃሴ ወስዶ በራስ ቅርጽ ላይ መጫንም ይቻላል። ሚክሳሞ በሚባለው ማከማቻ ውስጥ ሩጫው፣ ዝላዩ፣ የሂፕ ሆፕና የሳምባ ጭፈራው ሁሉ አለ። ወዳጄም በስንፍና ቀን አንዱን አውርዶ በአሮጊቲቱ ላይ ቢጭነው በጥልፍ ቀሚስ ሳምባ የሚጨፍሩ እናት ሆነው ቁጭ አሉ! እንደ ሣቅነቱ ጥሩ ነበር። ነገር ግን ወሎዬ ሲጨፍር ወገቡ ረጋ ብሎ ትከሻው ብቻውን ይናገራል፤ ይህን ለማሳየት የትከሻው አጥንት ከክንዱ ተለይቶ መታዘዝ አለበት። ጋቢ ትከሻ ላይ ሲጣል እንዴት እንደሚያርፍ፣ ሰው ሽማግሌ ሲያይ እንዴት ከመቀመጫው ብድግ እንደሚል፣ ሲኒ በሁለት እጅ ሲቀበል አንገቱ ምን ያህል እንደሚሰበር ሠርቶ የሚያስቀምጥልን ሌላ ሰው አንጠብቅ። ይህ ጸሐፊ በዚህ ነገር ላይ ጥብቅ አሳብ አለው፦ የሌላውን አገር አካሄድ ሐበሻ ልብስ ማልበስ የአገር አኒሜሽን አይባልም።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ፤ ነገሩ ጨዋታ ብቻ እንዳልሆነ የሚታየው በዚህ ነው። ታብሌቱ ከአንድ ወር ደመወዙ በላይ ወስዷል። እናቱ በክፉ አልተናገሩትም፤ «ልጄ፣ ይህ ነገር እንጀራ ይሆንሃል ወይ?» ብለው ብቻ ጠየቁት። እርሱም እስከ እንቁጣጣሽ አሥር ሰከንድ የሚሆን አንድ ሥራ ካልጨረሰ ታብሌቱን ሸጦ በማታው ክፍለ ጊዜ የሒሳብ ትምህርቱን ሊቀጥል ቃል ገባላቸው። ጥያቄያቸው ትክክለኛ ነው። ለሥነ ጥበብ ሲሉ ደመወዝ የሚያስገኝ ሥራቸውን እንዲተዉ ወጣቶችን ከሚመክሩት ወገን አይደለሁም። የመንግሥት ሠራተኛ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በኋላ ያለው ጊዜ የራሱ ነው፤ ክርክሩ በዚያ ጊዜ ላይ ነው።

በዚያ ጊዜ የተሠራ ነገር አንድ ቦታ አይደርስም ማለት ግን ያለፈውን መርሳት ነው። አስተማሪ የነበሩት ወይዘሮ ብሩክታዊት ጥጋቡ ከባለቤታቸው ጋር በአሻንጉሊት የጀመሩት «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተባለው የሕፃናት ፕሮግራም እ.አ.አ. በ2006 በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን መታየት ጀመረ፤ በ2008 ደግሞ የጃፓን ሽልማት አገኘ። የፕሮግራሙ ጀግና አንዲት ቀጭኔ ናት። አዲስ አበባ የተወለደው ሠዓሊ ዕዝራ ውቤ በበኩሉ እ.አ.አ. በ2011 «ሒሳብ» የተባለውን አኒሜሽን የሠራው በአንድ ሸራ ላይ እየሣለ፣ ፎቶግራፍ እያነሣ፣ በላዩ ላይ እንደገና እየሣለ ነው። ከባሕር ማዶም የላትቪያው ጊንትስ ዚልባሎዲስ አለ። «አዌይ» የተባለውን ፊልሙን ሙዚቃውን ሳይቀር ሦስት ዓመት ተኩል ያህል ፈጅቶ ብቻውን ሠራው፤ ከዚያ በኋላ ከጓደኞቹ ጋር በብሌንደር የሠራው ስለ አንዲት ድመት የሚተርክ፣ አንድም ቃል የማይነገርበት «ፍሎው» በየካቲት ወር 2017 ዓ.ም. ኦስካር ተሸለመ። እነዚህ ሁሉ የተሸለሙት ሽልማት ፈልገው ነው ወይ? አላውቅም፤ ጨርሰው ማሳየታቸውን ግን አውቃለሁ።

እንጀራውን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። የደሴ ሙዚየም በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ወቅት ተዘርፏል። የጠፋ ዕቃ በኮምፒዩተር ሐውልት አይመለስም፤ ያለውን ግን ከመጥፋቱ በፊት በሁሉም ገጽታው ለክቶ ማስቀመጥ ይቻላል፤ የኬፕ ታውን ዩኒቨርሲቲ ሰዎች የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት በዚህ ዓይነት ለክተው መዝግበዋል። ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ግቢ ያለው የወሎ ዩኒቨርሲቲ ይህን ሙያ ከሚያውቁ ወጣቶች ጋር ቢገናኝ ሁለቱም የሚያጡት ነገር የለም። የሥነ ጥበብ ትምህርት የፈለገ የደሴ ልጅ እስከ ዛሬ የሚያስበው 400 ኪሎ ሜትር ርቆ አዲስ አበባ ያለውን፣ በ1950 ዓ.ም. የተከፈተውን የአለ ፈለገ ሰላም ትምህርት ቤት ነውና።

የወዳጄ አሥር ሰከንድ የቡና ነው። ጎረቤቱ እናት ከጀበና ቡና ይቀዳሉ፤ እንግዳው ሲኒውን ይቀበላል፤ ሌላ ነገር የለም። በአንድ ሰከንድ 24 ሥዕል ስለሚያልፍ ሥራው በጠቅላላው 240 ሥዕል ነው። የእርሱ ኮምፒዩተር አንዱን ሥዕል አብስሎ ለማውጣት ሁለት ደቂቃ ይፈጅበታል፤ ስለዚህ መብራት ሳይጠፋ የሚታለፍ የስምንት ሰዓት ሌሊት ያስፈልገዋል። ባለፈው ሰሞን ስጠይቀው 160ኛው ላይ ደርሶ ነበር። ያንን ለአሮጊቲቱ አሳያቸው። አንዴ አዩት፤ «ድገመው» አሉት፤ ደግመው አዩት።

«ቆንጆ ነው፤ ግን ዐይኔ ምን ሆኖ ነው ጀበናው ላይ የተተከለ?» አሉት። «ቡና የሚቀዳ ሰው ሲኒውን ነው የሚያይ። ደግሞ ጀበናውን በየሲኒው ቀና አላደርገውም፤ አንዴ ካዘነበልኩ ረከቦቱ እስኪሞላ ነው።»

ወዳጄ በዚያው ሌሊት ከ90ኛው ሥዕል ወዲህ ያለውን በሙሉ ሰርዞ እንደገና ጀመረ።