የልምምድ ቤተ ሙከራ አመራረጥ ለሲሲኤንኤ ፈተና፦ የመርካቶ የገበያ ሕንፃ እንደ ማሳያ

የሲስኮ ኩባንያ ሲሲኤንኤ ለተሰኘው የኔትወርክ ሙያ ማረጋገጫ ፈተና የሚያስከፍለው 300 የአሜሪካ ዶላር ነው። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን እስከተደረገበት እስከ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ድረስ ይህ ገንዘብ በባንክ ዋጋ 17 ሺህ ብር ያህል ነበር፤ ዶላሩ ከ100 ብር ካለፈ ወዲህ ግን ከ30 ሺህ ብር በላይ ሆኗል። ፈተናውን ያላለፈ ሰው ዳግመኛ ሲቀመጥ ክፍያውን እንደገና ይከፍላል። ስለዚህ ለአዲስ ምሩቅ የልምምድ ቤተ ሙከራ ምርጫ የትምህርት ብቻ ሳይሆን የኪስም ጉዳይ ነው። ይህ ጽሑፍ ምርጫው ከመሣሪያው ዋጋ ሳይሆን ቤተ ሙከራው ከሚያስፈታው ችግር ሊነሣ እንደሚገባ ያስረዳል።

የመጀመሪያው መመዘኛ ይፋዊው የፈተና ርእሶች ዝርዝር ነው። 120 ደቂቃ የሚሰጠው ፈተና ስድስት ክፍሎች አሉት፦ የኔትወርክ መሠረታውያን 20 በመቶ፣ የኔትወርክ መዳረሻ 20 በመቶ፣ የአይፒ ግንኙነት 25 በመቶ፣ የአይፒ አገልግሎቶች 10 በመቶ፣ የደኅንነት መሠረታውያን 15 በመቶ፣ አውቶሜሽንና ፕሮግራም 10 በመቶ። በዝርዝሩ ውስጥ የእያንዳንዱ ርእስ ግሥ ሊስተዋል ይገባል። መግለጽና ማብራራት የሚጠየቅባቸው ርእሶች በአብዛኛው በንባብ ይሸፈናሉ፤ ማዋቀርና ማረጋገጥ የሚጠየቅባቸው ግን የእጅ ልምምድ ይሻሉ። ቪላን፣ ትራንክ፣ ኦኤስፒኤፍ፣ ናት፣ የመዳረሻ መቆጣጠሪያ ዝርዝርና የስዊች ደኅንነት ከሁለተኛው ወገን ናቸው።

ሁለተኛው መመዘኛ የመሣሪያው ጠባይ ነው። ሲስኮ በነፃ የሚያቀርበው ፓኬት ትሬሰር በመጠነኛ ላፕቶፕ የሚሠራ አስመሳይ ፕሮግራም ነው፤ እውነተኛውን የሲስኮ ሶፍትዌር ስለማያሄድ የተወሰኑ ትእዛዞችን ብቻ ይቀበላል፤ ሆኖም ከላይ የተጠቀሱትን ርእሶች ለመለማመድ ይበቃል። ጂኤንኤስ3 እና ኢቪኢ-ኤንጂ እውነተኛውን ሶፍትዌር ለማሄድ ያስችላሉ፤ ነገር ግን ከፍ ያለ ራም ይጠይቃሉ፣ ሶፍትዌሩንም በሕጋዊ ፈቃድ ማግኘት የተጠቃሚው ኃላፊነት ነው። ያገለገሉ ስዊቾችና ራውተሮች ገመድ መግጠምን፣ በኮንሶል መግባትንና የጠፋ የይለፍ ቃል መመለስን ያስተምራሉ። ይሁን እንጂ መብራት ሲጠፋ ይቆማሉ፤ ላፕቶፕ ግን በባትሪው ይቀጥላል።

ሦስተኛውና ዋናው መመዘኛ የሚፈታው ችግር ነው። በርካታ የተዘጋጁ መልመጃዎች ትእዛዞቹን በተራ ስለሚደረድሩ ተማሪው ሳያስብ ሊጨርሳቸው ይችላል። በአንጻሩ በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ፣ መርካቶ ውስጥ ያለ ባለሦስት ፎቅ የገበያ ሕንፃ በሐሳባችን እንሣል። በየፎቁ ባሉ ሱቆች 50 ያህል ኮምፒውተሮችና ስልኮች ይገናኛሉ፤ የጥበቃ ካሜራዎቹ ለብቻቸው መሆን አለባቸው። 192.168.10.0/24 የተባለው ኔትወርክ በ/26 ሲከፈል እያንዳንዳቸው 62 መሣሪያ የሚይዙ አራት ንኡሳን ኔትወርኮች ይገኛሉ፦ ሦስቱ ለፎቆቹ፣ አንዱ ለካሜራዎቹ። ለእያንዳንዳቸው ቪላን ይመደባል፤ የመዳረሻ መቆጣጠሪያ ዝርዝርም ከሱቆቹ ወደ ካሜራዎቹ የሚደረገውን ጉዞ ይከለክላል።

ከዚያ ጥፋት ይጨመራል። አንድ ነጋዴ ከቤቱ ያመጣውን የዋይፋይ ራውተር በተሳሳተው ቀዳዳ ሰካ እንበል። ራውተሩ በዚያ ፎቅ ላሉ ጎረቤቶቹ የራሱን አድራሻ ማደል ይጀምራል፤ አድራሻውን የተቀበሉ ኮምፒውተሮችም ከሕንፃው ኔትወርክ ይቆረጣሉ። ተለማማጁ በኮምፒውተሩ ላይ በ192.168.10 ፈንታ በ192.168.1 የሚጀምር አድራሻ ሲያይ ምክንያቱን ሊደርስበት ይገባል። መፍትሔው ዲኤችሲፒ ስኑፒንግ ነው፦ ወደ ሕጋዊው አድራሻ አዳይ የሚወስደው የስዊች ቀዳዳ ብቻ ታማኝ ተብሎ ይሰየማል፤ በሌሎቹ የሚመጣ የእደላ መልስ ይጣላል። ይህ አንድ ችግር ንኡስ ኔትወርክን፣ ቪላንን፣ የአይፒ አገልግሎትንና ደኅንነትን በአንድነት ይፈትናል።

እንግዲህ አቅሙ ውሱን ለሆነ ተፈታኝ የሚበጀው ቅደም ተከተል ይህ ነው፦ በቅድሚያ ፓኬት ትሬሰር፤ ገንዘብ ከተረፈ ለእጅ ሥራ አንድ ያገለገለ ስዊች፤ ጂኤንኤስ3 ደግሞ ለቀጣዩ የሙያ ደረጃ። የፈተናውን ክፍያ ከመፈጸሙ በፊትም ሕንፃውን ማስታወሻ ሳያይ ከባዶ ይገንባ፤ ባልንጀራው ሦስት ቦታ ያበላሽለትና ስሕተቶቹን ራሱ ፈልጎ ያቅና። ይህን ያለ እርዳታ ደጋግሞ ከተወጣ ለመመዝገብ ደርሷል፤ ካልተወጣ ግን ጥቂት ሳምንት መዘግየት ከ30 ሺህ ብር በላይ ዳግመኛ ከመክፈል ይቀላል።