ጥቁር ጥላ ሁሉ የረጋ ደም አይደለም፦ የሆድ ዐበይት ደም መልሶችን በምስል ስለ መመርመር



የዛሬው ገለጻዬ በሁለት ደም መልሶች ላይ ያተኩራል። አንደኛው ከልብ በታች ካለው የሰውነት ክፍል የሚመለሰውን ደም ወደ ልብ የሚያደርሰው የታችኛው ቬና ካቫ ነው። ሁለተኛው ከአንጀትና ከጣፊያ የተሰበሰበውን ደም ወደ ጉበት የሚያስገባው ፖርታል ቬይን ነው። በቬና ካቫ ውስጥ የረጋ ደም ተቆርሶ ወደ ሳንባ ከሄደ ሊገድል ይችላል። የሌለውን አለ ብሎ ደም ማቅጠኛ መስጠት ደግሞ ሕመምተኛውን ያለ ጥቅም ለመድማት አደጋ ያጋልጣል።

ምርመራው አብዛኛውን ጊዜ የሚጀመረው በአልትራሳውንድ ነው። ዶፕለር ሲታከልበት የደሙን አቅጣጫና ፍጥነት ያሳያል። በጤናማ ሰው የፖርታል ቬይን ደም ወደ ጉበት ይፈስሳል። ቢልሃርዝያ በጉበት ውስጥ ያሉትን ቅርንጫፎች ሲያጠብ ግን ግፊቱ ይጨምራል፤ ጣፊያ ያብጣል፤ ፍሰቱም ሊዘገይ ይችላል። የአንጀት አየር የድምፅ ሞገዱን ስለሚያግድ፣ ሕመምተኛው ምግብ ሳይበላ እንዲመጣ እናዝዛለን።

በሲቲ ስካን ጊዜ በክንድ ደም መልስ በኩል ኮንትራስት እንሰጣለን። ከ70 ሰከንድ ገደማ በኋላ ፖርታል ቬይን በሚገባ ይደምቃል። በቬና ካቫ ግን ሁኔታው የተለየ ነው። በኩላሊት ያለፈው ደም ቶሎ ስለሚመለስ ኮንትራስቱን ይዞ ይገባል፤ ከእግር የሚመጣው መንገዱ ረጅም በመሆኑ ገና ኮንትራስት አልያዘም። ነጭ ዓባይና ጥቁር ዓባይ ካርቱም ላይ ተገናኝተው ወዲያው ሳይቀላቀሉ ጎን ለጎን እንደሚፈሱ ሁሉ፣ እነዚህም በኩላሊት ደም መልሶች አካባቢ ለጥቂት ጊዜ ተለያይተው ይፈስሳሉ። ያልደመቀው ክፍል በምስሉ ላይ የረጋ ደም ይመስላል።

ለተማሪዎቼ ዘወትር የማሳስበው ይህንን ነው፦ ምስሉ የተነሣበትን ሰዓት ሳታዩ ፍርድ አትስጡ። ጥርጣሬ ካለ ቬና ካቫን በዶፕለር ተመልከቱ፤ ወይም ከ2 እስከ 3 ደቂቃ ዘግይቶ የሚነሣ ምስል ጨምሩ። የደም መቀላቀል የፈጠረው ጥላ ይጠፋል፤ እውነተኛው የረጋ ደም ግን በቦታው ይቆያል። ጨረር ወይም ኮንትራስት ለማይስማማቸው ሕመምተኞች፣ አንዳንድ የኤም አር አይ ስልቶች የሚፈስሰውን ደም ያለ ኮንትራስት ለማየት ያስችላሉ።

ሕመምተኛ የምትልኩልን ሐኪሞችም «የሆድ ሲቲ» ብላችሁ ብቻ አትጻፉ። የተጠረጠረው ቬና ካቫ ከሆነ ግለጹልን፤ ምስሉን መቼ እንደምናነሣ የሚወስነው ጥያቄያችሁ ነውና።