ገንዳው አግድም ይተኛ

የአዲስ አበባ ሰሜኑ ጫፍ ተዳፋት ነው። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ፣ ከጉለሌም ወደ ላይ ሜዳ የሆነ ግቢ ያለው ሰው ወይ ዕድለኛ ነው፣ ወይ ለቁፋሮና ለሙሌት ብዙ ገንዘብ አፍስሷል። እንዲህ ባለ ግቢ የመዋኛ ገንዳ እንድሠራ ስጠራ መጀመሪያ የማወጣው ሜትርና ውሃ ልክ ነው። የሴራሚኩ ቀለም ይደርሳል።

አሁን የያዝኩት ሥራ የአንድ ጡረተኛ ሐኪም ነው። ጉልበታቸው ሩጫ ከከለከላቸው ወዲህ ጠዋት ጠዋት መዋኘት ይፈልጋሉ። የጠየቁኝ ጠበብ ብሎ የረዘመ፣ ቀጥ ብለው ሄደው የሚመለሱበት ገንዳ ነው፤ ርዝመቱ 15 ሜትር፣ ስፋቱ 2.5 ሜትር፣ የውሃው ጥልቀት 1.2 ሜትር። ስልካቸው ላይ ባሳዩኝ ፎቶ የገንዳው ጫፍ ወደ ቁልቁለቱ ወጥቶ ከተማ ላይ ያፈጣል።

«ኢንጂነር፣ እየዋኘሁ አዲስ አበባን ልያት» አሉኝ።

«ዶክተር፣ ፊቱን ውሃ ውስጥ ነክሮ የሚዋኝ ሰው የሚያየው የገንዳውን ወለል ነው» አልኳቸው። ሳቁ፤ ፎቶውን ግን አላጠፉትም።

ተዳፋቱን ለካነው። በየ5 ሜትሩ 1 ሜትር ይወርዳል። እንደ ፎቶው ቁልቁል ብንዘረጋው መሬቱ ከገንዳው ጫፍ እስከ ጫፍ 3 ሜትር ይወርዳል ማለት ነው፤ የውሃ ፊት ደግሞ ተዳፋት አያውቅም። ወይ የላይኛውን ጫፍ 3 ሜትር ተጨማሪ ቆፍረን እንቀብረዋለን፣ ወይ የታችኛው ጫፍ አንድ ፎቅ ያህል አየር ላይ ይቀራል። አግድም ብናስተኛው ግን ተዳፋቱን የሚያቋርጠው 2.5 ሜትሩ ስፋት ብቻ ነው፤ ልዩነቱ ግማሽ ሜትር። ይህን ወረቀት ላይ ስስልላቸው ብዙ አልተከራከሩም። ከተማዋን ገንዳው ዳር ወንበር ላይ ቁጭ ብለው ያዩዋታል።

ቀጥሎ የሚመጣው ገንዳው ምን ላይ ያርፋል የሚለው ነው። ተዳፋት ላይ ሜዳ ለማውጣት የተለመደው ዘዴ ከላይ ቆርጦ ታች መሙላት ነው። ለአትክልት ወይም ለመኪና ማቆሚያ ይሆናል፤ ለገንዳ አልወደውም። በዚህ ገንዳ የሚገባው 45 ሜትር ኩብ ውሃ 45 ቶን፣ በእኛ ሚዛን 450 ኩንታል ይመዝናል። ግማሹ ነባር መሬት ላይ፣ ግማሹ ትናንት በተደፋ አፈር ላይ ቢያርፍ ሙሌቱ ክረምት ሲመጣ ይሰጥማል፣ ነባሩ ባለበት ይቆያል፣ አርማታው መሃል ላይ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ወደ ዳገቱ ገፋ አድርገን ቆፈርንና ወለሉ በሙሉ ያልተነካ መሬት ላይ እንዲያርፍ አደረግን። የወጣው አፈር በሲኖትራክ ተጭኖ ሄደ። ይህ ወጪ ደንበኛን ሁሉ ያበሳጫል፤ ገንዘቡ ወጥቶ የሚታይ ነገር የለማ።

ግድግዳው የሚፈተንባቸው ሁለት ተቃራኒ ቀናት አሉ። አንደኛው ገንዳው ሞልቶ ከውጪ ያለው አፈር በጎርፍ የታጠበበት ቀን ነው። የውሃ ጥልቀት እጥፍ ሲሆን በግድግዳው ላይ የሚያርፈው ጠቅላላ ግፊት አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ የቁልቁለቱን ግድግዳ ፌሮ የማሰላው ከኋላው አንዲት አካፋ አፈር እንደማይደግፈው ቆጥሬ ነው። በ2017 ዓ.ም. የአዋሽ ፈንታሌ መሬት ሲንቀጠቀጥ ንዝረቱ እኛም ዘንድ ስለደረሰ፣ ይህን ስሌት ማጥበቅ ቅንጦት አይመስለኝም።

ሁለተኛው ቀን ደግሞ ሐምሌ ላይ ገንዳው ለጽዳት ባዶ የሆነበት ነው። ያን ጊዜ የዳገቱ አፈር ውሃ ጠግቦ ወደ ውስጥ ይገፋል፤ ከሥር የሚጠራቀመው ውሃ ደግሞ ገንዳውን ወደ ላይ ያነሳዋል። የአርማታ ገንዳ ይንሳፈፋል ስል ቀልድ የሚመስላቸው አሉ። የዚህ ገንዳ ባዶ አካል 470 ኩንታል ያህል ይመዝናል፤ በዙሪያው የሚቆመው ውሃ ከመሠረቱ አንድ ሜትር ከምናምን ከፍ ካለ ያ ሁሉ ክብደት አይበቃውም።

ከአርማታው ይልቅ ስለ ጠጠሩ የምጨነቀው ለዚህ ነው። ከወለሉ ሥር ጠጠር፣ ጠጠሩ ውስጥ ቀዳዳ ያለው ቱቦ፤ ከላይኛው ግድግዳ ጀርባም እንዲሁ፤ ከዚያ በላይ ዳገቱ ላይ ጎርፉን የሚቀለብስ ቦይ። ሜዳ ላይ ቢሆን ይህን ውሃ ለማውጣት ጉድጓድና ፓምፕ ያስፈልገኝ ነበር፤ መብራት የሚጠፋው ደግሞ ዝናቡ ሲበረታ ነው። እዚህ ቱቦው በራሱ ጊዜ ቁልቁል ይፈስሳል። ተዳፋት ከሚወስደው ገንዘብ ጥቂቱን የሚመልሰው በዚህ ነው።

ለውሃ መውጫ መተውን ኮንሶዎች ከእኛ በፊት ያውቁታል። በ2003 ዓ.ም. ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት የመዘገበው እርከናቸው ያለ ሲሚንቶ በድንጋይ የተካበ ነው፤ ውሃው በድንጋዮቹ መሃል ያልፋል፣ አፈሩ ይቀራል። እኛ ከተሜዎች ግን ደጋፊ ግንብን ጥርቅም አድርገን ደፍነን፣ አንዲት የውሃ መውጫ ቀዳዳ ሳንተው ጠንካራ ሠራን እንላለን። ክረምት ላይ ሆዱን ነፍቶ ሲወድቅ የሚታማው አፈሩ ነው።

ስለ አርማታ ሙሌቱ ቀን ብዙ አልልም። ወለሉንና የግድግዳውን የታችኛውን 15 ሴንቲ ሜትር አንድ ላይ እንሞላለን፤ መጋጠሚያው ላይ ውሃ የሚያግድ የጎማ ጥብጣብ ይገባል፤ አርማታው በእርጥብ ጆንያ ተሸፍኖ ይቆያል። ሴራሚክ ከመለጠፉ በፊት ገንዳው ይሞላል። አንድ ባልዲ ውሃ ሞልቼ ገንዳው ውስጥ ባለው ደረጃ ላይ አስቀምጥና የሁለቱንም ልክ አሰምራለሁ። ባልዲውም ገንዳውም እኩል ከቀነሱ ፀሐይ ነው የወሰደችው፤ ገንዳው ከበለጠ ግን ያፈስሳል፣ ሴራሚኩ ይጠብቅ።

የውሃ ማጣሪያውን ፓምፕ ከገንዳው ዝቅ አድርጌ አስቀምጣለሁ። በባሕር ጠለል ፓምፕ ውሃን 10 ሜትር ያህል መሳብ የሚችለው በሐሳብ ደረጃ ነው፤ እዚህ ከፍታ ላይ ይህ ራሱ ወደ 8 ሜትር ይወርዳል። ተዳፋት እያለ ደግሞ መሳብ ለምን? ውሃው ራሱ ወርዶ ይግባለት።

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ባለ10 ሺህ ሊትር ቦቴ እያስመጡ ገንዳ መሙላት ደስ አይለኝም፤ ለዶክተሩም ነግሬያቸዋለሁ። የአዲስ አበባ ዝናብ በዓመት 1,200 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። የቤታቸው ጣሪያ 150 ካሬ ሜትር ነው፤ በዓመት እስከ 180 ሜትር ኩብ ይወርድበታል፣ የገንዳው አራት እጥፍ። አሸንዳና ታንከር በፕላኑ ውስጥ ገብቷል። ማታ ማታ የሚዘረጋ መሸፈኛም አለ፤ ትነቱንም የእንጦጦን ብርድም ይቀንሳል። የልጅ ልጆቻቸው ስለሚመጡ በዙሪያው አጥርና ራሱን የሚዘጋ በር ይኖራል፤ እሱ ላይ አልደራደርም።

ከፕላኑ አሁን የቀረን የጠጠሩ ቱቦ ጫፍ ነው። ከጠጠሩ የሚወጣው ንጹሕ ውሃ ወደ ጎርፍ ማፋሰሻው ይሄዳል፤ ክሎሪን ያለበት የገንዳው ውሃ ግን ለብቻው መስመር አለው፣ ታች ያሉት ጎረቤት ጎመናቸው ላይ እንዲፈስ አይፈልጉም። ጫፉ ላይ የብረት ወንፊት ይገጠማል፤ ካልተገጠመ አይጥ ጎጆ ትሠራበታለች።