አሮጌ ኮምፒውተር ወደ ጌም ማጫወቻነት እንዴት ይለወጣል?

በቦንጋ ከተማም ሆነ በካፋ ዞን ወረዳዎች አርጅተው ከጥግ የተቀመጡ ኮምፒውተሮች አይታጡም። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጠው የነበረው መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም ማብቃቱ ደግሞ ቁጥራቸውን ሊጨምረው ይችላል።

ይሁንና ለቢሮ ሥራ የዘገየ ኮምፒውተር የቀድሞ ጌሞችን ለማጫወት አያንስም። ይህን የሚያስችለው ኢሙሌተር የተባለ ፕሮግራም ሲሆን፣ የኒንቴንዶን፣ የሴጋንና የመጀመሪያውን ፕሌይስቴሽን አሠራር አስመስሎ ጌሞቻቸውን ያስኬዳል።

ለዚህ ከሚያገለግሉት አንዱ ባቶሴራ የተሰኘው ነጻ ስርዓተ ክወና ነው። በመጀመሪያ 16 ጊጋባይት ወይም ከዚያ በላይ በሚይዝ ፍላሽ ላይ ይጫናል፤ በዚህ ጊዜ በፍላሹ ያለው ፋይል ስለሚጠፋ አስቀድሞ ሌላ ቦታ መገልበጥ ይገባል። ቀጥሎ ኮምፒውተሩ ከሃርድ ዲስክ ይልቅ ከፍላሹ እንዲነሣ ይደረጋል። የሃርድ ዲስኩ ፋይል አይነካም፤ ፍላሹ ሲነቀል ኮምፒውተሩ ወደ ቀድሞ ሥራው ይመለሳል። ለመጫወትም ኢንተርኔት አያስፈልግም።

ጌሞቹን በተመለከተ ግን ጥንቃቄ ያሻል። አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለኮምፒውተር ፕሮግራሞች የቅጂ መብት ጥበቃ ስለሚሰጥ፣ ባለመብቶቹ በነጻ የለቀቋቸውን መምረጥ ይገባል።

ጥቅሙ ለጨዋታ ብቻ አይደለም። በኮምፒውተር ቦርድና በአሮጌ ስክሪን ውስጥ እርሳስን የመሰሉ መርዛማ ማዕድናት ስላሉ፣ በየሜዳው ሲጣሉ ወይም ሲቃጠሉ አፈርንና ውኃን ይበክላሉ። የጫካ ቡና መገኛነቱ በሚታወቀውና ዩኔስኮ በ2002 ዓ.ም በባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት በመዘገበው የካፋ ምድር፣ የአንድን ዕቃ ዕድሜ ማራዘም ማሳንና ምንጭን መጠበቅም ነው።