የኢ-ሜይል ሰርቨር ሰርተፊኬትና የሕሙማን ምስጢር

የላቦራቶሪ ውጤት፣ የሪፈራል ደብዳቤና የራጅ ምስል በኢ-ሜይል በሚተላለፍባቸው የጤና ተቋማት፣ መልዕክትን ከሰርቨር አምጥቶ በኮምፒዩተር ላይ የሚያስቀምጥ ፕሮግራም ሊያገለግል ይችላል፡፡ ከእነዚህ አንዱ ፌችሜይል ነው፡፡ ፕሮግራሙ መልዕክት ከመቀበሉ በፊት የተጠቃሚውን የይለፍ ቃል ለሰርቨሩ ያስረክባል፤ ስለዚህም ተቀባዩ ማን እንደሆነ አስቀድሞ ማረጋገጥ ይኖርበታል፡፡ ማረጋገጫውም ሰርተፊኬቱ ነው፡፡

በሰርተፊኬቱ ላይ የሰርቨሩ ስም፣ የሚጸናበት ጊዜና የፈረመው አካል ይመረመራሉ፡፡ ምስጠራ ብቻውን በቂ አለመሆኑ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል፡፡ በመሐል የገባ አጭበርባሪ ራሱ በፈረመው ሰርተፊኬት ግንኙነቱን ቢያመሰጥር፣ የይለፍ ቃሉም ሆነ የሕመምተኛው ውጤት ከሌላው ሁሉ ተሰውሮ የሚደርሰው ለእርሱ ነው፡፡ በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣው የፌችሜይል 6.4 ዕትም ይህን ማጣሪያ ሳይታዘዝ ያከናውናል፡፡ የቀደሙት ዕትሞች ግን ተጠቃሚው ካላዘዛቸው በስተቀር አስጠንቅቀው ሥራቸውን ይቀጥሉ ነበር፡፡

ፕሮግራሙ ሰርተፊኬቱን አልቀበልም ሲል ቀላሉ መንገድ ማጣሪያውን ማጥፋት ይመስላል፡፡ ይህ ግን የትኩሳትን መንስኤ ሳይመረምሩ በፓራሲታሞል ከማብረድ አይለይም፡፡ በኢትዮጵያ በመጀመሪያ ሊታይ የሚገባው የኮምፒዩተሩ ቀን ነው፡፡ የውስጥ ባትሪው የደከመ ኮምፒዩተር መብራት ሲጠፋ ወደ አሮጌ ቀን ይመለሳል፤ ዓመቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተሞላ እንደሆነም ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደኋላ ይቀራል፡፡ በሁለቱም ሁኔታ ፕሮግራሙ ትክክለኛውን ሰርተፊኬት የሚጸናበት ጊዜ ገና እንዳልደረሰ ይቆጥረዋል፡፡ ቀኑ ሲስተካከል ችግሩ ይወገዳል፡፡

ቀኑ ትክክል ሆኖ ፈራሚው ካልታወቀ፣ በኮምፒዩተሩ የተቀመጠው የታማኝ ፈራሚዎች ዝርዝር አርጅቶ ሊሆን ይችላል፡፡ ሴፕቴምበር 30 ቀን 2021 እ.ኤ.አ. ሌትስ ኤንክሪፕት የተባለው ሰርተፊኬት ሰጪ ይደገፍበት የነበረ አንድ ነባር የሥር ሰርተፊኬት ጊዜው ሲያልፍ፣ ሶፍትዌራቸው ያልታደሰ ብዙ ኮምፒዩተሮች ትክክለኛ ሰርቨሮችን ሳይቀር አልተቀበሉም፡፡ ለዚህ መድኃኒቱ ሶፍትዌሩንና ዝርዝሩን ማደስ ነው፡፡ ተቋሙ ራሱ የፈረመው ሰርተፊኬት ከሆነ ደግሞ ከሰርቨሩ ኃላፊ በእጅ ተቀብሎ በዝርዝሩ ውስጥ ማስገባት ይገባል፤ በተጠረጠረው መስመር አውርዶ ማመን ግን ምንም ዋስትና አይሰጥም፡፡

በሰርተፊኬቱ ላይ ያለው ስም በፕሮግራሙ ከተሞላው የሰርቨር ስም ጋር ካልገጠመ፣ ኃላፊው በስልክ እስኪያረጋግጥ ድረስ መልዕክት ማውረዱ ይቁም፡፡ ማጣሪያው ጠፍቶ የቆየ እንደሆነም መልሶ ማብራት፣ ከዚያም የይለፍ ቃሉን መለወጥና በዚያ ጊዜ የተላለፉት የሕሙማን መረጃዎች የትኞቹ እንደነበሩ ለተቋሙ ኃላፊ ማሳወቅ ያስፈልጋል፡፡