የቤት በረሮ እና የይፋት ቆላ ሙቀት

ከደብረ ብርሃን በጣርማ በር አድርገን ወደ ሸዋ ሮቢት ስንወርድ በከፍታ 1500 ሜትር ያህል ዝቅ እንላለን። የአየር ሙቀት በየ1000 ሜትሩ በአማካይ በ6.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለሚለያይ፣ በሁለቱ ከተሞች መካከል ወደ 10 ዲግሪ የሚጠጋ ልዩነት እንጠብቃለን። መንገደኛው በዚህ ምክንያት ካፖርቱን ያወልቃል። የሰውነት ሙቀቷ በአካባቢዋ ለሚወሰነው በረሮ ግን ልዩነቱ የመራባት ፍጥነቷን ይለውጣል።

እንዴት እንለያት?

በዓለም ዙሪያ በመኖሪያ ቤቶች እጅግ የተለመደችው «የጀርመን በረሮ» ናት። ስሟን ሊኒየስ እ.ኤ.አ. በ1767 ቢሰጣትም፣ በ2024 የታተመ የዘረመል ጥናት ከ2100 ዓመት ገደማ በፊት በደቡብ እስያ ከዱር ዝርያ እንደተገኘች አሳይቷል። ርዝመቷ ከ1.5 ሳንቲ ሜትር እምብዛም አይበልጥም። መልኳ ፈዛዛ ቡናማ ሲሆን፣ ከራሷ በስተኋላ ባለው ጋሻ መሰል ክፍል ላይ ሁለት ጥቋቁር መስመሮች ጎን ለጎን ይታያሉ። ክንፍ ቢኖራትም አትበርም።

በአገራችንም እ.ኤ.አ. በ2008 በታተመ ጥናት፣ ከአዲስ አበባና ከዝዋይ (ከዛሬዋ ባቱ) የተያዙ 6480 በረሮዎች ተመርምረዋል። የአዲስ አበባዎቹ ሁሉ የጀርመን በረሮ ነበሩ። ሞቃት በሆነችው ዝዋይ ግን ግማሽ ያህሉ የሌሎች ሦስት ዝርያዎች ሆነው ተገኝተዋል። በረሮዎቹ አሜባንና የወስፋት እንቁላልን ተሸክመው መገኘታቸው ጉዳዩን የጤና ጉዳይ ያደርገዋል።

መኖሪያዋና የሕይወት ዑደቷ

በረሮ ሙቀት፣ እርጥበትና ጠባብ ስንጥቅ ትሻለች። ቀን ቀን ከምድጃ ጀርባ፣ ከማቀዝቀዣ ሞተር ሥርና ከውኃ ቧንቧ አጠገብ ትደበቃለች። ከከተማ ወደ ከተማ የምትዛመተው በካርቶንና በጆንያ ውስጥ ሆና ከዕቃ ጋር በመጓዝ ነው።

እናቲቱ ከ30 እስከ 40 እንቁላሎች የያዘውን ከረጢት እስኪፈለፈል ድረስ ከሆዷ ጫፍ ላይ ተሸክማ ትዞራለች። ክንፍ አልባዎቹ ጫጩቶች ስድስት ጊዜ ያህል ቆዳቸውን እየለወጡ ያድጋሉ። በ30 ዲግሪ ሙቀት ከእንቁላል እስከ ሙሉ ዕድገት ሁለት ወር ገደማ ይበቃል፤ በቀዝቃዛ ቤት ግን ብዙ ወራት ይወስዳል።

እስቲ እናስላ። አንዲት እናት በዕድሜዋ 5 ከረጢት፣ በእያንዳንዱም 35 እንቁላል ብታፈራ 175 ልጆች ይኖሯታል። ከእነዚህ 87ቱ ሴቶች ቢሆኑና እንደ እናታቸው ቢራቡ፣ የልጅ ልጆቿ ከ15000 ይበልጣሉ። ረኀብና ጠላት ብዙዎቹን ቢያጠፉም፣ ጥቂት በረሮን መናቅ እንደማይገባ ስሌቱ ያስረዳል።

ምን እናድርግ?

የከረጢቱ ሽፋን እንቁላሎቹን ከብዙ የሚረጩ መድኃኒቶች ስለሚከላከል፣ አንድ ጊዜ ብቻ መርጨት በቂ አይሆንም። በሳምንታት ውስጥ አዲስ ትውልድ ይፈለፈላል። ስለዚህ ክትትሉ ሊደጋገም ይገባል። ለሽንኩርት ወይም ለማሾ እርሻ የተገዛ ፀረ ተባይ ግን ፈጽሞ ወደ ማዕድ ቤት መግባት የለበትም፤ ከበረሮዋ ይልቅ ሕፃናትን ሊጎዳ ይችላልና። ማታ ፍርፋሪን መጥረግ፣ የሚያንጠባጥብ ቧንቧን መጠገን፣ ስንጥቅን መድፈን፣ ከገበያ የመጣን ካርቶን ከቤት ሳያስገቡ መፈተሽ ምግብ፣ ውኃና መጠለያ ያሳጣታል። ሙቀቱን መቀነስ ባንችል እንኳ፣ እነዚህ ሦስቱ በእጃችን ናቸው።